የፈረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዳርቻ

የፈረቃ ትምህርት አንድ የትምህርት ቤት ግቢ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ በቀን ለሁለት ቡድን ተማሪዎች በየተራ የሚያገለግልበት አሠራር ነው። ጠዋት የገባው እኩለ ቀን ላይ ይወጣል፤ የከሰዓቱ ተማሪ ገና ባልቀዘቀዘው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጫናው በተለይ የሚከብደው የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት በተሠሩባቸው የከተማዋ ጠርዞች፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱና በመሳሰሉት ሰፈሮች ነው።

ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ችግሩ ተማሪ ማግኘት ነበር። የትምህርት ማሻሻያ ክርክር አገር ያናወጠው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በ1964 ዓ.ም. የተዘጋጀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለብዙኃኑ አጭር መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስን ያስቀድም ስለነበር ወላጆች «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ነው» ብለው ተቃወሙት፤ መምህራንም የካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። የአብዮቱ መቀጣጠያ ከሆኑት አንዱ ይህ አድማ ነው፤ የመምህሩን ድርሻ ማሳነስ አይገባም። በደርግ ዘመን በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። የ1986ቱ ፖሊሲ ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን አመጣ፤ በአዲስ አበባ ተማሪው ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ እንዲሻገር ሆነ።

ለዳርቻው መጣበብ ዋናው ምክንያት የቤትና የትምህርት ቤት ግንባታ እኩል አለመራመዱ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን በአንድ ዕጣ ያስረክባል። ዕድለኛው ቁልፍ እንደተቀበለ ይገባል፣ ወይም ያከራያል፤ ትምህርት ቤቱ ግን መሬት፣ በጀትና ተቋራጭ ይጠብቃል። የመሀል ከተማው መልሶ ማልማትም ይጨመርበታል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች ዳርቻ ላይ ወዳለው ገላን ጉራ ሲሄዱ የትምህርት ዘመኑ ገና መግባቱ ነበር። እንዲህ ያለ ተማሪ መሸኛና የውጤት ካርድ ይዞ ሲመጣ ርእሰ መምህሩ አይመልሰውም፤ ሴክሽኑ፣ ማለትም አብሮ የሚማረው የተማሪዎች ምድብ፣ ግን ቀድሞ ሞልቷል።

ፈረቃ የሚበላው ጊዜ በስሌት ይታያል። ስድስት ክፍለ ጊዜ በ40 ደቂቃ ሲባዛ 240 ደቂቃ ይሆናል። ባንዲራና ዕረፍት ሲጨመሩበት ጠዋት 2፡00 የጀመረው ፈረቃ 6፡30 ላይ ያበቃል። የከሰዓቱ 6፡45 ቢሰለፍ በመሀሉ ያለው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ክፍል መጠረግ፣ ሰሌዳ መጥፋት፣ በሩ ላይ የተፋጠጡት ወጪና ገቢ መተላለፍ አለባቸው። አንድ ነገር ከዘገየ የሚቆረጠው ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው። በ70 ተማሪ ክፍል ስም መጥራቱ ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ለሁለት የተሠራው ኮምባይንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሲቀመጡ የመሀለኛው የሚጽፈው ክንዱን ሰብስቦ ነው፤ የዳር ተቀማጩ ደብተሩን ጭኑ ላይ ያደርጋል። የተሰበረ ዴስክ ሲገኝ ጠዋቱ በከሰዓቱ፣ ከሰዓቱ በጠዋቱ ያሳብባል፤ የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው የዩኒት ሊደሩ ሥራ ግማሹ ይህን መዳኘት ነው። መምህሩ በግድግዳ ላይ የሰቀለው ቻርት በማግስቱ አይገኝም፣ ክፍሉ የሌላም ነውና።

ከዚህም የሚብሰው የተከታታይ ምዘና፣ ማለትም ተማሪውን ዓመቱን ሙሉ በየጊዜው የመመዘን ጉዳይ ነው። አራት ሴክሽን የያዘ መምህር 280 ደብተር ይጠብቀዋል። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ 560 ደቂቃ፣ ማለትም ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ ትጉሁ መምህር እንኳ ድርሰት ማስጻፉን ትቶ ምርጫና እውነት/ሐሰት ያወጣል፤ ልጁም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይጽፍ ከክፍል ክፍል ያልፋል። ይህ የመምህሩ ስንፍና አይደለም።

የአሁኑ ማሻሻያ የመነጨው በ2010 ዓ.ም. ለውይይት ከቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ነው። እርከኑ 6-2-4 (ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) ሆነ፣ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተዳረሰ፤ መጻሕፍቱ ሳይታተሙ ዘግይተው ብዙ ተማሪ ለወራት በስልክ ፋይል ሲያነብ ቆየ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዮቹ ዓመታት 3.2፣ 5.4፣ ከዚያም 8.4 በመቶ አልፈዋል። ትምህርት ሚኒስቴር ኩረጃ ሲቀር እውነተኛው ደረጃ ታየ ይላል፣ ይህም አያከራክርም። ፈተናው ብቻውን ጥራት ያመጣል ወይ የሚለው ግን፣ አንዳንዶች እንደሚሉት፣ ገና ብዙ ያነጋግራል።

የምገባ መርሐ ግብሩ በከተማ አስተዳደሩ በጀት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቁርስና ምሳ ማቅረቡ የሚያስመሰግን ነው። ምሳ ከሌለ ሙሉ ቀን መማር አይታሰብምና ከፈረቃ ለመውጣት በሩን የከፈተው እሱ ነው።

ከፈረቃ ወደ ሙሉ ቀን መሸጋገር በዋናነት የክፍል ቁጥር ጥያቄ ነው። 24 ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በፈረቃ 48 ሴክሽን ያስተናግዳል። የተማሪው ቁጥር ሳይቀንስ ሙሉ ቀን ለመሆን ሌላ 24 ክፍል፣ እጥፍ ዴስክ፣ በአንድ ሰዓት እጥፍ ተማሪ የሚችል ውኃና መጸዳጃ ይፈልጋል። ሕንፃው ሳይደርስ የሚቸኩል ትምህርት ቤት ሁለት ሴክሽን አንድ ላይ ያጣምራል፤ 60 የነበረው 120 ይሆናል፣ ቤተ መጻሕፍቱና ቤተ ሙከራው ወደ ክፍልነት ይለወጣሉ። በዚህ ጊዜ ወላጅ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ልጁ በስንተኛ ዴስክ ከስንት ሰው ጋር እንደሚቀመጥ ነው።