«ቻለ» ስንቱን ይችላል?

ስለ «ቻለ»፣ «ይቻላል» እና «አይቻልም» በልበ ሙሉነት ከሚነገሩት ውስጥ ጥቂቱን ላንሳ።

«ክህሎት የግዕዝ ነው፤ ችሎታ ከሱ የማይገናኝ የአማርኛ ቃል ነው»

የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እናታቸውም የግዕዙ «ክህለ»። አማርኛ መሐል ላይ ያለችውን «ህ» ዋጣት፣ «ክ»ን ወደ «ች» አለዘባት፣ «ቻለ» ተገኘ። የ«ህ» መዋጥ እዚህ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። «ሳተ» እንላለን፤ ስሙ ግን «ስህተት» ነው። «ካደ» እንላለን፤ ስሙ «ክህደት»። ግሱ በአፍ ሲመላለስ ተሸረሸረ፣ ስሙ ከግዕዝ እንዳለ ተወሰደ። «ቻለ» እና «ክህሎት»ም እንደዚያው ናቸው፤ «ክ» ጭምር በመለወጧ ነው ዝምድናቸው የተደበቀው። ትግርኛ «ክ»ን ስላልለቀቀ እኛ «ይቻላል» የምንለውን «ይከኣል» ይላል።

«መኪና መንዳት ይችላል እና ችግሩን ቻለው በድምፅ የተገጣጠሙ ሁለት ቃላት ናቸው»

አንድ ቃል ነው። አቅም ያለው ሸክሙን ያነሳል፣ ያነሳውንም ይዞ ይቆያል። «ወጪውን እኔ እችላለሁ» የሚለውን ሰው አስቡት፦ ገንዘቡ አለኝ ማለቱ ነው ወይስ ሸክሙን እወስዳለሁ? ሁለቱንም ነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ «ቻል አድርጊው እህቴ» ስትል ስለ ችሎታ እያወራች አይደለም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ «ቻይ» ነው። ስንጸልይ «ሁሉን ቻይ» እንላለን፣ የሚሳነው የለም ለማለት። ስለ ጎረቤታችን «ቻይ ናት» ስንል ግን ስንቱን ችላ ዝም እንዳለች መመስከራችን ነው።

«ይቻላልን ያመጣው ኃይሌ ነው»

ኃይሌ ገብረሥላሴ መፈክር አደረገው እንጂ ቃሉ ከሱ በፊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ሲቀድመው ላየ ሰው መፈክሩ ማስረጃ አላጣም። ምርጫውም ጥሩ ነው። «እችላለሁ» ጉራ ይሆን ነበር፤ «ይቻላል» ግን ማን እንደሚችል ስለማይናገር የሰማው ሁሉ ራሱን ያስገባበታል።

«አይቻልም ማለት የማይሆን ነገር ማለት ነው»

አንዳንዴ። «መግባት አይቻልም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት በር ገርበብ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ የሚቻለውን ነው የከለከሉት።

«ሊመጣ ይችላል እና መምጣት ይችላል ያው ናቸው»

«መምጣት ይችላል» ስለ ሰውየው አቅም ወይም ፈቃድ ነው። «ሊመጣ ይችላል» ግን በአብዛኛው የተናጋሪው ግምት ነው፤ ሰውየው ራሱ መንገድ ላይ ይሁን አልጋው ላይ አይታወቅም። ለመለየት ዝናብን ማሰብ ይበቃል። ሰማዩ ሲጠቁር «ሊዘንብ ይችላል» እንላለን። «መዝነብ ይችላል» ያለ ግን ለደመናው ፈቃድ የሰጠ ይመስላል።