የተጋጨ ሞተር ስለመግዛት የሚወራውና እውነታው

ሰሞኑን አንድ የሰፈሬ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ቦክሰር 150 ነው። የፊት መብራቱ ረግፏል፣ ፓራፋንጎው ተሰንጥቋል፣ መሪው ወደ ግራ ዞሯል። “በግማሽ ዋጋ ነው፣ ልግዛው?” አለኝ። “ሄደን እንየው” አልኩት። እዚህ ሀዋሳ ሞተር የብዙ ልጆች እንጀራ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። መንገድ ላይ ከደላላም ከጓደኛም የሰማውን ሲነግረኝ ግን ከግማሽ በላዩ ስህተት ነበር። ስለዚህ አንድ በአንድ ልጻፈው። (ሞተር ስል ሞተር ሳይክሉን ነው፣ ውስጡን ኢንጂን እላለሁ።)

“የተሰበረው ፕላስቲኩ ብቻ ነው”

በዓይን የሚታየው ስብራት ርካሹ ስብራት ነው። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ መብራት፣ ፓራፋንጎ ገበያ ላይ ሞልቷል፤ የቦክሰርና የአፓቼማ ትንሽ ከተማ ውስጥም አይጠፋም። ሰው የሚከስረው ሻንሲው ላይ፣ ማለትም ሁሉም ዕቃ የሚታሰርበት የብረት አጽም ላይ ነው። ሞተር ከፊት ሲመታ ምቱ ከጎማው ተነስቶ ጎማውን ከመሪው ጋር በሚያያይዘው በሾኩ ዘንግ በኩል ይወጣና የመሪው አንገት ላይ ያርፋል። እዚያ ጋ ነው አጎንብሳችሁ የስልካችሁን መብራት ማብራት ያለባችሁ። የነዳጅ ታንከሩ ስር፣ አንገቱ ከዋናው ቱቦ ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ ቀለሙ ከተሰነጣጠቀ ወይም ከተሸበሸበ ከስሩ ያለው ብረት ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ሞተሩ ሁሉ አርጅቶ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካለ ደግሞ የበለጠ ጠርጥሩ።

እኛ ሲባጎ ይዘን ነበር የሄድነው። መጀመሪያ የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ መታሰሩን የካቴና መወጠሪያው ላይ ባሉት ምልክቶች አየን። ከዚያ ሲባጎውን በኋላው ጎማ ጀርባ አዙረን፣ በሁለቱም በኩል የጎማውን የፊትና የኋላ ጠርዝ እያስነካን፣ እስከ ፊት ጎማው ድረስ ወጠርነው። የፊቱ ጎማ ከኋላው ስለሚቀጥን በግራም በቀኝም ትንሽ ክፍተት ይኖራል፣ ክፍተቱም እኩል መሆን አለበት። የዚያ ቦክሰር በቀኝ ጣት ያስገባል፣ በግራ ግን ሲባጎው ጎማውን ነክቶ ታጠፈ። ጥፋቱ የሻንሲው ሊሆን ይችላል፣ የሾኩ ሊሆን ይችላል፣ የቸርኬውም ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር ተጣሟል። ሻጩ “ፕላስቲክ ብቻ ነው” ያለው ይህንኑ ሞተር ነው።

“ሾኩ ቶርኖ ቤት ይቃናል”

ይቃናል። ጣጣው ከተቃና በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ የተጋጨ ሞተር ገዝቼ የፊት ሾኩን ዘንጎች አስቃንቼ ነበር። በዓይን ሲታዩ ቀጥ ያሉ ናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ የሾኩን ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ ዘይት መትፋት ጀመረ። ቀየርኩት፣ ደግሞ ተፋ። አንድ ቀን ከሻሸመኔ ስመለስ 60 ላይ መሪው እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፣ ከኋላዬ ደግሞ አይሱዙ አለ። እንዴት ጥግ እንደያዝኩ ዛሬም በደንብ አላስታውስም። በማግስቱ አንድ ሌላ መካኒክ ዘንጉን አውጥቶ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባለለው። በእያንዳንዱ ዙር መሀሉ ከመስታወቱ ከፍ ይልና ከስሩ ብርሃን ይታያል። ሁለታችንም ዝም አልን።

የታጠፈ ዘንግ ሲቃና ብረቱ ሁለት ጊዜ ተጎድቷል፤ አንዴ ሲታጠፍ አንዴ ሲመለስ። ላዩን የሚሸፍነው ክሮምም ስንጥቅ ሊይዝና ጎሚኒውን ሊበላው ይችላል። ብዙዎቹ የአምራቾች የጥገና መመሪያዎች “ተካው እንጂ አታቃናው” የሚሉት ለዚህ ነው። እና ሾኩ ከታጠፈ ሂሳባችሁ ውስጥ አዲስ ዘንግ አስገቡ፣ ቶርኖ አታስገቡ። ቀልጦ በቅርጽ የተሰራ የአሉሚኒየም ቸርኬ ከተሰነጠቀም እንደዚያው ነው፣ አስበይዳችሁ አትንዱበት። ባለ ሽቦው ቸርኬ ይሻላል፣ ሽቦው ተቀይሮ ሊስተካከል ይችላል።

እዚያው ቆማችሁ የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሱና መሪውን በቀስታ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩት። መሀል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ነገር ካለ የመሪው ኩሽኔታ መቀመጫውን ቦርቡሯል። ዕቃው ራሱ ውድ አይደለም፣ ግን ከፊት የመጣው ምት ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይነግራችኋል።

“ኢንጂኑ ከተነሳ ሌላው ቀላል ነው”

መነሳቱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ሞተር ወድቆ በጎኑ ተኝቶ እየሰራ ከቆየ የዘይት ፓምፑ አየር ሊስብ ይችላል፣ ያኔ ኢንጂኑ ያለ ዘይት ይሽከረከራል። ዘይቱን ጣታችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ እዩት። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ተዉት። በግራ ከወደቀ የማርሽ መርገጫውን ዘንግ ተመልከቱ፣ ከታጠፈ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ማርሽም ይይዛል። በቀኝ ከወደቀ የፍሬን መርገጫውንና ማርሚታውን (የጭስ መውጫውን) እዩ። ከሁሉም በላይ ግን ኢንጂኑን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩትን የብሎን ጆሮዎች አንድ በአንድ አብሩባቸው። እዚያ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ኢንጂኑ ቢነሳም ባይነሳም ለውጥ የለውም።

“በግማሽ ከገዛሁት አተረፍኩ”

የገበያ ዋጋ ሳይሆን ለምሳሌ ብቻ፣ ጤነኛው ሞተር 100 ይሸጣል እንበል። የተጋጨውን በ50 ገዛችሁ። የሚታየው ዕቃ 20፣ የእጅ ዋጋ 8፣ ወረቀትና ቦሎ 5፣ ሲፈታ የሚገኘው ያላያችሁት ጉዳት 10። ደረሰ 93። ተጋጭቶ የተሰራ መሆኑ የታወቀ ሞተር ደግሞ እንደ ጤነኛው 100 አያወጣም። ይህ ሁሉ ጋራዥ ቆሞ ሥራ ያልሰራበትን ቀን ሳይቆጥር ነው፣ በሞተሩ ለሚኖር ሰው ግን እሱ ትልቁ ወጪ ነው። የኔ ልክ ይህ ነው፦ ሁሉም ወጪ ተደምሮ ከጤነኛው ዋጋ ሶስት አራተኛ ካለፈ አልገዛም። ደላላው ቢለምነኝም።

“ሊብሬው ካለ ወረቀቱ አለቀ”

እዚህ ላይ ሰው በጣም ይጎዳል። መጀመሪያ ሻንሲ ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ዘመናዊ የሻንሲ ቁጥር 17 ምልክት አለው፣ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች አይገቡበትም። ህንድ የተሰራ የባጃጅ ኩባንያ ሞተር (እንደ ቦክሰር ያለ) ከሆነ አጀማመሩ ኤምዲ2፣ የቲቪኤስ (እንደ አፓቼ ያለ) ከሆነ ኤምዲ6 ነው። ቁጥሩ አካባቢ የመፋቅ ወይም የብየዳ ምልክት ካለ ወሬም አትጨምሩ፣ ሂዱ። የኢንጂን ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት።

ቀጥሎ ሊብሬውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ እግድ ወይም የብድር ዕዳ እንደሌለበት አጣሩ። በአደጋው ሰው ተጎድቶ ከነበረም ጉዳዩ የት እንደደረሰና ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ መለቀቁን በወረቀት ጠይቁ። በቃል “ታርቀናል” የሚባለው አይበቃም።

“ስም ሳይዞር በውክልና ልንዳው” የምትሉም አላችሁ። ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፣ ሰውየው ከሞተ ደግሞ ከወራሾቹ ጋር ትጀምራላችሁ። ሻጮችም ይህን ስሙ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ስሙ እስካልዞረ ድረስ ሌላ ሰው በነዳው ሞተር የእናንተ ስም ሊጠራ ይችላል። ሶስተኛ ወገን መድኑም በአዋጅ ግዴታ ነው፣ እሱም የሚሸፍነው ሌላው ላይ የደረሰውን ጉዳት እንጂ የናንተን ሞተር አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ለመንዳት ለምታስቡ፣ ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በሞተር እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ሞተሩ በያዘው ታርጋ እዚያ መሥራት መፈቀዱን ሳታረጋግጡ አንድ ብር አትክፈሉ።

“ከመድን ድርጅት ጨረታ የወጣ የተመረመረ ነው”

አይደለም። ማስታወቂያው “ባለበት ሁኔታ” ይላል፣ ትርጉሙም በኋላ ቅሬታ የለም ማለት ነው። ጥሩ ጎኑ ሞተሩ ከየት እንደመጣ መታወቁ ነው። ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) ከማሠራታችሁ በፊት በማሳያው ቀን ሄዳችሁ እዩት፣ ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት እንደሆነም አንብቡ። 15 በመቶ ትርፉን ሁሉ ሊበላ ይችላል።

“የተጋጨ ሞተር በጭራሽ አይነካም”

ይሄም ልክ አይደለም። በዝግታ እየሄደ በጎኑ የተንሸራተተ ሞተር ጉዳቱ መርገጫ፣ መሪ፣ ስፖኪዮና ጭረት ላይ ሊያልቅ ይችላል። ሲባጎው እኩል ከሆነ፣ መሪው መሀል ላይ ሳይዝ ከዞረ፣ ወረቀቱ ከጠራ ግዙት። ጎኑ የተጫረ ብዙ ሞተር ዓመታት ሲሠራ አይቻለሁ፤ በተለይ ራሳችሁ ብሎን መፍታት የምትችሉ ከሆነ።

“ሄልሜቱንም መረቀልኝ”

ያ ሻጭ ልጁ ሲያመነታ አይቶ ሄልሜቱን አውጥቶ “ይሄን እመርቅልሃለሁ” አለው። ላዩ ላይ ትንሽ ጭረት ብቻ ነበረበት። በአደጋ ላይ የነበረ ሄልሜት ግን አይደረግም። ውስጡ ያለው ነጭ ፎም ምቱን የሚውጠው ተጨፍልቆ ነው፣ ከተጨፈለቀ በኋላ ደግሞ አይመለስም፣ ከውጭም አይታይም።

ልጁ ሁለቱንም ትቶ መጣ። አሁን በጎኑ የወደቀ ሌላ አግኝቷል፣ ቅዳሜ ሲባጎውን ይዘን እንሄዳለን።