ኤች አይ ቪን ገና በመነሻው ማከም፦ የመድኃኒቶች ንጽጽር

ኤች አይ ቪን በመነሻው ማከም ሲባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቫይረሱ ወደ ሰውነት በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጀመር ሕክምና ነው። ሁለተኛውና በጤና ተቋማት በብዛት የሚያጋጥመው ደግሞ ሰውየው ምንም ሕመም ሳይሰማው፣ የሲዲ4 ቁጥሩም (ቫይረሱ የሚያጠፋቸው በሽታ ተከላካይ የደም ሴሎች ብዛት) ሳያሽቆለቁል የሚጀመረው ነው። በሁለቱም ሁኔታ መድኃኒቱን የሚውጠው ራሱን ጤነኛ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። አልጋ ላይ የወደቀ ሕመምተኛ ችሎ የሚያልፈውን ማዞርና ማስመለስ፣ ማለዳ ተነስቶ ሥራ የሚገባ ሰው ለምን ብሎ ይችለዋል? በዚህ ምክንያት «መቼ ይጀመር» እና «በየትኛው መድኃኒት» የሚሉት ጥያቄዎች ተነጣጥለው አያውቁም።

የአንድ መድኃኒት ዘመን

የመጀመሪያው መድኃኒት ኤ ዜድ ቲ፣ በሌላ ስሙ ዚዶቩዲን፣ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1987 ነው። በመጀመሪያው አወሳሰድ በየ4 ሰዓቱ ይዋጥ ስለነበር ታካሚዎች ሌሊት በማንቂያ ደወል ይነቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ምልክት ያልታየባቸውና ሲዲ4 ቁጥራቸው ከ500 በታች የሆነ ሰዎች መድኃኒቱን ቀድመው ሲጀምሩ ሕመሙ እንደሚዘገይላቸው አሳየ። ተስፋው ግን አልሰነበተም። በብሪታንያ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ የተካሄደው የኮንኮርድ ጥናት 1,749 ምልክት ያልታየባቸው ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ወዲያው፣ ግማሾቹ ሕመም ሲጀምራቸው ኤ ዜድ ቲ እንዲወስዱ አደረገ። ከ3 ዓመት በኋላ ቀድመው ከጀመሩት 92 በመቶ፣ ከዘገዩት ደግሞ 94 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ቀድሞ መጀመር አንድም ዕድሜ አልጨመረም።

ይህን ውጤት ቀድሞ መጀመር ከንቱ ነው ብለው የተረጎሙ ነበሩ። ትርጓሜው ስህተት ነበር። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ብቸኝነት እንጂ የሰዓቱ አልነበረም፤ ቫይረሱ አንድን መድኃኒት በወራት ውስጥ ይላመዳል። ሲዲ4 ቁጥራቸው ከ200 እስከ 500 በሆነ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ኤ ዜድ ቲን ከዳይዳኖሲን ጋር አጣምሮ መስጠት ኤ ዜድ ቲን ብቻውን ከመስጠት እንደሚበልጥ አረጋገጠ። በዚያው ዓመት ሦስት መድኃኒት በአንድነት መስጠት ተስፋፋ።

በኢትዮጵያ

በአገራችን የቫይረሱ መኖር የታወቀው በ1976 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው። በክፍያ የሚሰጥ ሕክምና በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ከፋና ወጊዎቹ አንዱ ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. ሕክምናው በነፃ ሆነ፤ ሕዝቡም «ዕድሜ ማራዘሚያ» የሚል ስም አወጣለት። ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያዎች ሲወርድ ሸክሙን የተሸከሙት ነርሶችና የጤና መኮንኖች ናቸው። በጥቂት ሐኪሞች እጅ ብቻ ቢቀር ኖሮ ገጠሩን ባልደረሰ ነበር።

በዚያን ጊዜ በብዛት የሚታደለው ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒንን በአንድ ፍሬ የያዘ እንክብል ነበር። ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው ከሞት አፋፍ መልሷል። ውሎ ሲያድር ግን ስታቩዲን የጉንጭን ስብ አሟጦ ፊትን ያጎደጉዳል፣ እግርን ያደነዝዛል፤ በሽታውን ደብቆ የኖረውን ሰው ፊቱ ያጋልጠው ነበር። ኔቪራፒን መጀመሪያ ለ14 ቀናት በቀን አንዴ ብቻ ተሰጥቶ ከዚያ ወደ ሁለት የሚያድገው የቆዳ ሽፍታን ለመቀነስ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው በጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲሆን፣ አደጋው የሚበረታው ሲዲ4 ቁጥራቸው ከ250 በላይ በሆነ ሴቶችና ከ400 በላይ በሆነ ወንዶች ላይ ነው። ቀድሞ ለመጀመር የማይመች መድኃኒት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሕክምናው ሲዲ4 ወደ 200 እስኪወርድ መጠበቁ ጭካኔ አልነበረም፤ ያኔ በእጅ ያለው መድኃኒት ያስገደደው ነበር።



የመጠበቂያው ቁጥር መነሣት

የዓለም ጤና ድርጅት ሕክምና የሚጀመርበትን የሲዲ4 ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገ፤ በ2015 ፈጽሞ አነሣው። ለመጨረሻው ውሳኔ መሠረት የሆነው በ35 አገሮች 4,685 ሰዎች የተሳተፉበት የስታርት ጥናት ነው። ሁሉም ሲዲ4 ቁጥራቸው ከ500 በላይ ነበር። ወዲያው ከጀመሩት መካከል ከባድ ሕመም ወይም ሞት የደረሰባቸው 42 ሲሆኑ፣ እንዲዘገዩ ከተደረጉት ደግሞ 96 ነበሩ። በኮት ዲቯር የተካሄደው የቴምፕራኖ ጥናትም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ውጤት አወጣ። ኮንኮርድ ያጣውን ስታርት ያገኘው ሦስት መድኃኒት፣ አብዛኛውን ጊዜም ቴኖፎቪርና ኤፋቪረንዝ ያለበትን፣ ስለተጠቀመ ነው። በኢትዮጵያ ለነፍሰ ጡሮች ሲዲ4 ሳይታይ መስጠት በ2005 ዓ.ም.፣ ለሁሉም ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ።

ኤፋቪረንዝ እና ዶሉቴግራቪር

ኤፋቪረንዝ ማታ የሚዋጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያዞራል፣ ሕልምን ያበዛል፣ ሌሊት አስደንግጦ ያነቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 833 ሕክምና ጀማሪዎችን ሲያነጻጽር፣ ከ48 ሳምንት በኋላ አዲሱን መድኃኒት ዶሉቴግራቪርን የያዘውን ቅንብር ከወሰዱት 88 በመቶው፣ ኤፋቪረንዝ የያዘውን ከወሰዱት 81 በመቶው ቫይረሱን ከሚለካው መጠን በታች አውርደዋል። ልዩነቱ በዋናነት የመጣው ኤፋቪረንዝ ጉልበት አንሶት ሳይሆን ሰዎች ጎንዮሽ ጉዳቱን ሸሽተው ስላቋረጡት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከቦትስዋና በተሰማው የጽንስ ጉድለት ጥርጣሬ ሳቢያ ብዙ ሴቶች ዶሉቴግራቪር ተከለከሉ። መረጃው ሲበዛ ጥርጣሬው ተኗል። የሰውነት ክብደት መጨመሩ ግን በደቡብ አፍሪካና በካሜሩን ጥናቶች ታይቷል፤ መንስኤው መድኃኒቱ ራሱ ይሁን ወይስ ኤፋቪረንዝ ክብደትን ይገታ ስለነበር፣ ምናልባትም ሁለቱም፣ ገና ያከራክራል።

በቫይረሱ መያዝ የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ ተጨማሪ መድኃኒት መደራረብ ይጠቅም እንደሆነም ተሞክሯል። በፈረንሳይ 90 ሰዎች ላይ አምስት መድኃኒት ከሦስት ጋር ሲነጻጸር፣ ተደብቆ የሚቀረውን ቫይረስ ከሁለት ዓመት በኋላ የበለጠ አልቀነሰም።

ዛሬ በኢትዮጵያ አብዛኛው ጀማሪ የሚወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ፍሬ የተጣመሩበትን፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ እንክብል ነው። ቫይረሱ በቁጥጥር ሥር ውሎለት የተረጋጋ ሰው ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ቀጠሮ ይዞ መሄድ ይችላል፤ በዚህ አሠራር አገራችን ከአፍሪካ ቀዳሚ ነበረች። ሁለት ነገሮች ግን በፋርማሲ መስኮት ሳይነገሩ ማለፍ የለባቸውም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለት ጊዜ ያስፈልገዋል። የደም ማነስ ክኒን (ብረት) የታዘዘላት ነፍሰ ጡር ደግሞ ሁለቱን ከምግብ ጋር በአንድነት ትውጣለች፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ዶሉቴግራቪሩን ከብረቱ 2 ሰዓት አስቀድማ ወይም 6 ሰዓት አዘግይታ ትወስዳለች።