በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ምርጫና የትምህርት ጫና

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ኮርሶቹን እንዳሻው እየመረጠ አይመዘገብም። ካሪኩለሙ በየሴሚስተሩ የሚወሰዱትን ኮርሶች አስቀድሞ ደርድሯቸዋል። ተማሪው የሚወስንባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት ናቸው፦ የዲፓርትመንት ምርጫ፣ ኢሌክቲቭ (ተማሪው ራሱ የሚመርጣቸው) ኮርሶች፣ እንዲሁም የአድና ድሮፕ (ኮርስ የሚጨመርባቸውና የሚተውባቸው) ቀናት።

የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት በጋራ ኮርሶች ያልፋል። ሎጂክ፣ ጀነራል ሳይኮሎጂ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና ሌሎችም አሉበት። አንዳንዱ ተማሪ “ዲፓርትመንት ስገባ እበረታለሁ” ብሎ በእነዚህ ኮርሶች ይዘናጋል። ግን ዲፓርትመንት የሚደለደለው የዚህ ዓመት ውጤትም እየታየ ነው። ብዙ ሰው የሚፈልጋቸው ዲፓርትመንቶች ደግሞ ቦታቸው ውስን ነው።

የኮርስ ክብደት በክሬዲት አወር (በሳምንታዊ የክላስ ሰዓት) ወይም በኢሲቲኤስ (ኮርሱ በሚጠይቀው ጠቅላላ የሥራ ሰዓት) ይለካል። አብዛኛው የፍሬሽማን ኮርስ 3 ክሬዲት አወር ወይም 5 ኢሲቲኤስ ነው። አንድ ኢሲቲኤስ የ27 ሰዓት ሥራ ተደርጎ ስለሚታሰብ፣ አንድ ኮርስ 135 ሰዓት ይጠይቃል ማለት ነው። በሳምንት 3 ሰዓት ክላስ ቢኖር በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል። የቀረው 87 ሰዓት የላይብረሪ፣ የአሳይመንትና የግሩፕ ሥራ ነው። እንዲህ ያሉ ስድስት ኮርሶች ሲደመሩ በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ ይወጣቸዋል። ፕሮግራሙ ላይ ባዶ የሚመስለው ከሰዓት በኋላ እንግዲህ ባዶ አይደለም። ለፋይናል ሳምንት ብቻ የሚቸክል ተማሪ ይህን ሁሉ ሰዓት በጥቂት ሌሊቶች ሊያካክስ ይሞክራል።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የፕሪሪኩዚት፣ ማለትም ከሌላ ኮርስ በፊት መታለፍ ያለባቸው ኮርሶች፣ ሰንሰለት ነው። ለቀጣዩ መሠረት በሆነ ኮርስ ኤፍ ያገኘ ተማሪ ቀጣዩን መውሰድ አይችልም። ብዙ ኮርስ ደግሞ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ኮርስ ኤፍ ተማሪውን ከባቹ (አብረውት ከገቡት ተማሪዎች) በአንድ ዓመት ሊያስቀረው ይችላል። አምስት ዓመት በሚፈጀው ምህንድስና ይህ ሰንሰለት ረጅም ነው። ካሪኩለሙን ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ማንበብና የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚያስር ለይቶ መያዝ ይገባል። ተማሪው ለየትኛው ኮርስ የበለጠ ሰዓት መስጠት እንዳለበት የሚያውቀው ያኔ ነው።

አድና ድሮፕ የሚፈቀደው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ነው፤ የአማካሪ መምህር ፊርማም ያስፈልጋል። ፊርማው ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ያልፋል፤ ያሳዝናል። ኤፍ ያለበት ተማሪ ባቹ ላይ ለመድረስ ብሎ ኮርስ ሲደርብ፣ “ይሄን ጫና ትችለዋለህ ወይ?” ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። አጠቃላይ ነጥቡ ለመመረቂያ ከሚጠየቀው 2.00 በታች የወረደ ተማሪ ኮርስ ቢቀንስ ይሻለዋል። ሲመረቅ አንድ ሴሚስተር ቢዘገይ፣ ዋርኒንግ (የዝቅተኛ ውጤት ማስጠንቀቂያ) ተደራርቦበት ከመባረር ይቀላል። የታመመ ወይም ከባድ ችግር የገጠመው ተማሪ ዝም ብሎ መጥፋት የለበትም። ሬጅስትራር ሄዶ ዊዝድሮው (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) ቢሞላ በኋላ ለመመለስ መብቱ ይጠበቅለታል።

ኢሌክቲቭ ሲመረጥ ብዙዎች “የትኛው መምህር ኤ ይሰጣል?” ብለው ሲኒየሮችን ይጠይቃሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ላይ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ሆኗል። ፈተናው በየዓመቱ ከተወሰዱት ዋና ዋና ኮርሶች ስለሚወጣ፣ እነዚህን ኮርሶች የሚያጠናክር ኢሌክቲቭ የወሰደ ተማሪ በመጨረሻው ዓመት የሚከልሰው ይቀልለታል።