«ሾክ የሚውጥ ስፖንጅ» ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ቆመን ማኪያቶ ስንጠጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነልኝ። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰውዬ እንቁላል ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ስፖንጅ ላይ ይለቀዋል። እንቁላሉ ስምጥ ይላል እንጂ አይሰበርም። «አያችሁ? ሾክ ይውጣል! የአውሮፕላን ወንበር የሚሠራው ከዚህ ነው» ይላል ሰውዬው፣ ገበያ እንደሚያደምቅ ሰው።

ልጁ በደስታ ፈክቷል። ከጓደኞቹ ጋር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ግቢ ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን እየገጣጠሙ ነው። ወንበሩ ብቻ ነው የቀራቸው። ስፖንጁን መርካቶ ወርደው ገዝተዋል፤ 12 ሴንቲሜትር ውፍረት፣ ለስላሳ።

«ጋሼ፣ አሪፍ ነው አይደል?»

ዕድሜዬን የጨረስኩት በአውሮፕላን ወንበር ሥራ ነው። አሁንም ትንሽ ታፒሴሪ ቤት አለችኝ፤ የመኪና ወንበር እሰፋለሁ። «ሾክ ይውጣል» የምትለዋን ነገር ፍራሽ ሻጩ ይላታል፣ ሶፋ ሠሪው ይላታል፣ የጫማ ሶል የሚሸጠውም ይላታል። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ሰማሁ። አውሮፕላን ላይ ስትመጣ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

መዋጥ ማለት ምን ማለት ነው? የተዋጠ ነገር አይመለስም። ከተመለሰ ትውከት ነው። ተራ ስፖንጅ ደግሞ የሚሠራው ይኼንኑ ነው። ትጫነዋለህ፣ ኃይሉን ይይዝልሃል፣ ስትለቀው መልሶ ይወረውርልሃል። በአንድ ቃል ሞላ ነው። የታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉብታ የዘለለ ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ትሰምጣለህ፣ ቀጥሎ ጣራውን በጭንቅላትህ ትስማለህ።

በትክክል ኃይል የሚውጥ ፎም ሌላ ነገር ነው። ማርን አስቡ። ማንኪያ ቀስ አድርጋችሁ ብታስገቡ ሳይታገል ይገባል። በፍጥነት ብትሰነዝሩት ግን ማሩ ይይዘዋል። ማንኪያውን ወደ ላይ አይወረውረውም፤ ጉልበቱን እዚያው ያስቀረዋል። ይኼ ፎምም እንዲሁ ነው። ቀስ ብላችሁ ስትቀመጡ ቦታ ይለቅላችኋል። በድንገት ስትወድቁበት ይጠጥራል። በእጅ ጨምቃችሁ ስትለቁትም ብድግ አይልም፤ ቀስ እያለ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው የሚነሳው።

የማሩ ነገር እዚህ ላይ አያልቅም። ጠዋት ብርድ ላይ ያደረ ማር በማንኪያ አይቆረስም፤ ፀሐይ ላይ የዋለው ደግሞ ውሃ ይሆናል። ፎሙም ሙቀት ያውቃል። የፎርሙላ ዋን መኪኖች የራስ መደገፊያ በዚሁ ዓይነት ፎም ነው የሚሠራው። አየሩ ሲሞቅ ጠጠር ያለውን ሰማያዊውን፣ ሲቀዘቅዝ ለስለስ ያለውን ሮዝ ይጠቀማሉ። ቀለሙ ለውበት አይደለም፣ የጥንካሬ ደረጃ ነው። አዲስ አበባ በጥቅምት ጠዋት ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው «ይሄ ጣውላ ነው» ብሎ ይማረራል። ትንሽ ይታገሥ፤ የገላው ሙቀት ያለሰልሰዋል። ያቺው አውሮፕላን ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ቆማ ብትውል ግን ፎሙ ሊጥ ይሆናል። ስለዚህ ጥንካሬው የሚመረጠው አውሮፕላኗ ልትደርስበት በምትችለው በጣም ሞቃት ቦታ እንጂ በፒያሳ አየር አይደለም።

ማርን ካነሳን፣ ስኳር የተቀላቀለበትም አለ። ሻጩ «ሜሞሪ ፎም ነው፣ ናሳ ለጨረቃ የሠራው» ይላችኋል። ናሳ የሚለው እውነት ነው፤ ጨረቃው ፈጠራ ነው። ቻርልስ ዮስት የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1966 ከናሳ ኤምስ ምርምር ማዕከል ጋር ሲሠራ ያወጣው ለአውሮፕላን መቀመጫ ነበር። ከዚያ ወደ ፍራሽ ገባ። ዛሬ አልጋ ላይ የምታገኙት ግን ለእንቅልፍ ተብሎ የለሰለሰ የልጅ ልጁ ነው። ስሙን ወርሷል፣ ጉልበቱን አልወረሰም።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንመለስ። ያናደደኝ እሱ ነው።

ወንድሜ፣ ያ እንቁላል 60 ግራም ቢሆን ነው። አብራሪው ቢያንስ 70 ኪሎ ነው። እንቁላሉ የስፖንጁን ወለል መቼም አይነካም፤ ሰው ግን ይነካል። ደግሞም እንቁላሉ ከመውደቁ በፊት ስፖንጁ ላይ ተቀምጦ አልጠበቀም! አብራሪው ግን ገና ከመነሳቱ በፊት ተቀምጦበታል። ልጁን ወደ ግቢያቸው ወስጄ እስፖንጁ ላይ አስቀመጥኩትና በጎን ለካሁ። ከ12 ሴንቲሜትሩ የቀረው 4 ነው። 8ቱን ሴንቲሜትር ምቾት በልቶታል። አደጋ ቢመጣ ያለችው 4 ብቻ ነች።

4 ሴንቲሜትር ምን ታደርጋለች? ሒሳቡ ቀላል ነው። የወደቅህበትን ከፍታ ለመቆም ለፈጀብህ ርቀት አካፍለው። ከ1 ሜትር ወድቀህ በ4 ሴንቲሜትር ብትቆም፣ በአማካይ የክብደትህን 25 እጥፍ ያህል ትሸከማለህ። ባለሙያዎች 25 ጂ ይሉታል። ስለ አማካይ ነው የማወራው፤ ጫፉ ከዚያ በላይ ነው።

በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ በፋብሪካ ለሚሠሩ አዲስ ንድፍ ያላቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች ወንበር ከባድ ፈተና አስቀመጠ። የሙከራ አሻንጉሊት ይቀመጥበትና ወንበሩ በሰከንድ 9.4 ሜትር ገደማ ፍጥነት እየሄደ በድንገት እንዲቆም ይደረጋል። ከ4 ሜትር ተኩል እንደመውደቅ ነው። ለፊት ወንበር ጫፉ 19 ጂ ይደርሳል። የአሻንጉሊቱ ወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ከ680 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ይህ ሕግ ቤት ውስጥ የተሠራ አውሮፕላን ላይ አይሠራም። የአከርካሪ አጥንት ግን አውሮፕላኑ የት እንደተሠራ አያውቅም።

4 ሜትር ተኩልን ለ4 ሴንቲሜትር አካፍሉት። ከ100 በላይ ይመጣል። ማንም ስፖንጅ፣ ማርም ይሁን ሞላ፣ ይህን ብቻውን አይችለውም። አብራሪውን የሚያተርፈው የጎማው እግር ሲታጠፍ፣ ወለሉ ሲጨማደድ፣ የወንበሩ ሳህን፣ ማለትም ትራሱ የሚያርፍበት ቆርቆሮ፣ ወደ ታች ሲሰምጥ የሚገኘው ርቀት ነው። ትራሱ እዚያ ላይ ጥቂት ይጨምራል። ወይም ይሰርቃል።

እንዴት ይሰርቃል? ሰው የማይገባው እዚህ ላይ ነው። «ቢያንስ ከምንም ይሻላል» ይሉኛል። አይሻልም! ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አስተውሉ። ጉልበቱ አስቀድሞ የፊተኛውን ወንበር የነካ ሰው ከመኪናው ጋር አብሮ ይቆማል። ከፊቱ ክፍት ቦታ ያለው ግን መኪናው እየቆመ እሱ ገና በሙሉ ፍጥነቱ ላይ ነው፤ ሄዶ ይላተማል። ለስላሳ ስፖንጅ ማለት ያ ክፍት ቦታ ነው። የወንበሩ ሳህን ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው፤ አብራሪው ስፖንጁ ውስጥ እየሰመጠ ገና ይወርዳል። ስፖንጁ ሲያልቅ ሳህኑን በልዩነቱ ፍጥነት ይመታዋል። ሳህኑ 15 ጂ ሲያይ ወገቡ ከዚያ የበለጠ ሊያይ ይችላል። ባዶ ቆርቆሮ ላይ ቢቀመጥ በተሻለው ነበር የሚያሰኝ ጊዜ አለ። ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ አላልኩም። በግማሽ ሰዓት እግራችሁ ይደነዝዝና ፔዳሉን መርገጥ ያቅታችኋል፤ ያም ራሱ አደጋ ነው።

ቀበቶውም አለ። ስፖንጁ በሰመጠ ቁጥር የታሰረው ቀበቶ ይላላል። የላላ ቀበቶ ወደ ሆድ ይወጣል፣ ሰውየው በሥሩ ይሾልካል። ቀበቶ ደግሞ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ነው የሚታሰረው። ከትራሱ ጋር የሰፋ አይቻለሁ፤ ስሙን አልጠራም።

ይህን ወፍራም ስፖንጅ የሚያመጣው ምን እንደሆነ ልጁ ነገረኝ። የሚሠሩበት ንድፍ የድሮ ነው። የወንበሩ ሳህን እንደ ጎድጓዳ ገበታ ጥልቅ ነው። ጉድጓዱን ሲያዩ መሞላት ያለበት መሰላቸው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዙ አውሮፕላኖች ላይ አብራሪው የሚቀመጠው በታጠፈ ፓራሹት ላይ ነበር። ጉድጓዱ የፓራሹቱ ቦታ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. የተሠራችው ጸሐይ የተባለችው አውሮፕላን የዚያ ዘመን ልጅ ነች። በጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን አውሮፕላኗን ስታስረክበን ሁላችንም ፎቶዋን ስንቀባበል ሰነበትን። እኔ በፎቶው ላይ የፈለግሁት ወንበሯን ነበር፤ የሙያ በሽታ ነው። ልጆቹ ጉድጓዱን በስፖንጅ ከመሙላት የሳህኑን ወለል ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። ይህም በዘፈቀደ አይደለም፤ ከሥሩ የሚጨማደድ ነገር እንዲኖር ታስቦ ነው።

ታዲያ ትራሱ እንዴት ይሠራ? እንደ ማር ከሚሆነው ፎም፦ ከሥር ጠጣሩ ንብርብር፣ ከላይ ለስላሳው። ላይኛው አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር ይበቃዋል፤ የአጥንት ጫና ለማሰራጨት ነው። ጠቅላላው ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር። ከጭኑ በታች ትንሽ ከፍ ይበል፣ እግር እንዳይደነዝዝ። ንብርብሮቹን በማስቲሽ ስታጣብቁ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ መሃሉ ላይ ከፈሰሰ ይደርቅና እንደ ጠጠር ይወጋል። ዋናው ስህተት ግን ሽፋኑ ላይ ነው። ፎሙ ውስጥ አየር አለ፤ ስትቀመጡ አየሩ መውጣት አለበት። ፕላስቲክነት ያለው ሌዘር ዙሪያውን አጥብቃችሁ ከሰፋችሁበት ፊኛ ሠራችሁ። ያ ሁሉ ዋጋ የወጣበት ፎም እንደገና ሞላ ይሆናል። ከሥር በኩል አየር የሚያስወጣ ጨርቅ አድርጉ፣ ወይም ቀዳዳ ተዉ።

አየር ካነሳሁ አይቀር፣ እንደ ስፖርት ምንጣፍ ያለውን ቀዳዳው የተዘጋ ፎም አትጠቀሙ። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ያብጣል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ከዚህ ተነስታችሁ ነው ገና ወደ ላይ የምትወጡት።

እሳቱን ሳልናገር ባልፍ ያሳክከኛል። የሶፋ ስፖንጅ ሲቀጣጠል ጭሱ ውስጥ ሳያናይድ አለ። ትንሽ ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ ከነበልባሉ ቀድሞ ጭሱ ይገድላል። የመንገደኛ አውሮፕላን ትራስ በዘይት ማቃጠያ ነበልባል ይፈተናል። እናንተ ማቃጠያ የላችሁም፤ ቁራጭ ቆርጣችሁ ግቢ ውስጥ፣ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ፣ በክብሪት ሞክሩት። ጭሱን አትሳቡ። ቀልጦ እየነደደ የሚንጠባጠብ ከሆነ ይጣል። ለሽፋን ሱፍ ከናይለን ይሻላል፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ትራሱ ከተሰፋ በኋላ የሚረሳ አንድ ልኬት አለ። አብራሪው ተቀምጦ መሪውን ዱላ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳበው። ከትራሱ ጠርዝ ጋር ከተጋጨ ትራሱ ይቆረጣል። ለማረፍ ስትሞክሩ ዱላው ሳይደርስ ቢቀር የትራሱ ምቾት ምን ሊያደርግላችሁ ነው? የጭንቅላትና የጣራ ርቀትም ይለካ፣ ሄድሴት (የአብራሪው የጆሮ ማዳመጫ) ተደርጎ። እንዲሁም ለአንድ ደቂቃ ሳይሆን ለአንድ ሰዓት ይቀመጥበት።

ልጁን ከ12 ወደ 6 ሴንቲሜትር አወረድኩት። የመጀመሪያ ቀን ተቀምጦበት ፊቱን አጨማደደ፣ «ጋሼ፣ ደረቀ እኮ» አለኝ። ጠዋት ነበር፣ ዝናብም ነበር። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ እንደገና ተቀመጠ፣ ዝም አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሞተሩ ሲያወራልኝ አንዴም ቦታ አልቀየረም። የቀድሞውን ስፖንጅ እናቱ ለሳሎን ወሰዱት። ለሶፋ አይከፋም።