ሰው ሊሰማው የሚችል ግብረ መልስ ምንድን ነው?

ግብረ መልስ ማለት የአንድን ሰው ሥራ አይቶ ምኑ እንደያዘ፣ ምኑ እንዳልያዘ ለራሱ ለሠሪው መንገር ነው። ዓላማው ቀጣዩ ሥራ እንዲስተካከል ነው፤ ጥፋተኛ መፈለግ የሌላ መድረክ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን አስተያየትን የምናውቀው ከስብሰባ ግምገማ ስለሆነ ገና «አንድ ነገር ልንገርህ» ስንባል መከላከያ እንፈልጋለን።

የተነገረ ሁሉ ደግሞ አይጠቅምም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ቀደምት ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ግብረ መልስ በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም ከሲሶ በሚበልጠው ጊዜ ውጤትን ዝቅ አድርጎ ተገኝቷል። እንደ እነሱ ማብራሪያ የሰሚው ሐሳብ ከሥራው ተነቅሎ «እኔን ምን አድርገው ነው የሚያዩኝ?» ወደሚለው ሲዞር ለሥራው የሚተርፍ ትኩረት ያንሳል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት መስመር እንውሰድ። ተቆጣጣሪዋ «አንቺ እኮ ግድ የለሽም» ብትል ሰፊዋ የምታስበው ስለ ስሟ ነው። «ዛሬ ጠዋት ከሰፋሻቸው እጅጌዎች 6ቱ ላይ ስፌቱ ከጠርዙ ወጥቷል፤ ጥራት ክፍል መልሷቸዋል፤ እስኪታረሙ ከአንቺ ቀጥላ ያለችው ቆማለች» ብትላት ግን መቼ፣ ምን እንደተደረገና ምን እንዳስከተለ ታውቃለች፤ ስለ ጠባይዋ የተነሣ ነገር የለም። ይህን ባለሦስት ክፍል አነጋገር ያስፋፋው ሴንተር ፎር ክሪኤቲቭ ሊደርሺፕ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ቀጥሎ «ምን አስቸገረሽ?» ብሎ ዝም ማለት ነው። ዝምታው ይከብዳል፤ አብዛኛው አለቃ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። ቢታገሥ ግን መርፌው እንደደነዘዘ ወይም ጨርቁ ከመጀመሪያውም ተዛብቶ እንደተቆረጠ ሊሰማ ይችላል።

በእኛ ዘንድ አታላዩ ነገር «እሺ» ነው። አንገት ደፍቶ «እሺ» ያለ ሰው አክብሮ እንጂ ተስማምቶ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «ገባህ?» ከማለት «ከነገ ጀምሮ ምን እናድርግ?» ብሎ መልሱን ከእሱ አፍ መስማት ይሻላል፤ አንድ ነገር ብቻ ይዞ መለያየትም ይበቃል።

ታናሹ አለቃ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። መሐል ሜዳ ከተማ ያለ ወጣት ኃላፊ አባቱ የሚሆኑትን ባለሙያ ላለማስቀየም በአሽሙር ቢነካካ፣ እሳቸው ሰሙን ሰምተው ሊያልፉ ወይም ወርቁን ሰምተው ሊቀየሙ ይችላሉ። «ጋሼ፣ በሐሙሱ ሪፖርት የሁለት ቀበሌ ቁጥር ጎድሎ ዞን መልሶብናል። የቱ ጋ ነው ያስቸገረዎት?» ቢል ክብራቸው አይነካም፣ ጉዳዩም አይድበሰበስም።

ቦታው ለብቻ፣ ጊዜው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይሁን፤ ለስድስት ወሩ ምዘና የተጠራቀመ ወቀሳ ለማስተካከያ አይደርስም። ወቀሳን በሁለት ሙገሳ መሐል መጠቅለልም ብዙ አይመከርም፤ ሰሚው ከለመደው በኋላ እውነተኛ ምስጋና እንኳ ሲሰጠው ቀጥሎ የሚመጣውን መጠበቅ ይጀምራል።

አደጋ ሲሆን ብቻ ይህ ሁሉ ይቀራል። ማሽኑ ሳይጠፋ እጁን የሚያስገባ ሰው ከታየ ሰው ፊት ቢሆንም «አቁም!» ብሎ መጮህ ነው፤ ምን እንደሆነ ለብቻ የሚነጋገሩት ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው።