ቲኮሜትር ምንድን ነው?

ቲኮሜትር አንድ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ትራውማን ያገናዘበ አሠራርን ምን ያህል በተግባር እንዳዋለ የሚለካ መጠይቅ ነው። ትራውማ ስንል ጥቃት፣ ጦርነት፣ የልጅነት በደል ወይም አደጋ በሰው አእምሮና አካል ላይ ጥሎት የሚያልፈውን፣ ዘመን ቢቆጠርም በቀላሉ የማይሽር ጉዳት ማለታችን ነው። ትራውማን ያገናዘበ አሠራር፣ ማለትም ተገልጋዩ እንዲህ ያለ ጉዳት ሊኖርበት እንደሚችል አውቆ ቁስሉ እንዳይነካ ተጠንቅቆ ማገልገል፣ በራሱ ሕክምና አይደለም፤ ሕክምናው የባለሙያ ሥራ ሲሆን ይህኛው ግን ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ይመለከታል።

ጥቃት ደርሶባት ወደ መጠለያ የመጣችን ሴት እናስብ። ወረፋ የያዙት ሁሉ እየሰሙ የደረሰባትን እንድትናገር መቀበያው ላይ ትጠየቃለች፤ በማግስቱ ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ፣ ቀጥሎም ለነርሷ ያንኑ ትደግማለች። ክፉ ያሰበባት የለም፤ ቅጹ ነው እንዲህ የሚያዘው። ቁስሏ ግን ተነክቷል። የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤናና የሱስ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሰነድ ከድርጅቶች ከሚጠብቃቸው አራት ነገሮች አንዱ ይህን ዳግም ጉዳት መከላከል ነው፤ የቀሩት የትራውማን ስፋት መረዳት፣ ምልክቱን መለየትና ዕውቀቱን በመመሪያና በአሠራር ውስጥ ማስገባት ናቸው።

ችግሩ፣ ሥልጠና የሰጠ ድርጅት ሁሉ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ቲኮሜትር በ35 ጥያቄዎቹ የሚፈትሸው ሥልጠናው በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ መዋሉን ነው፤ ጥያቄዎቹም በሠራተኞች ዕውቀትና ክህሎት፣ በመተማመን ላይ በቆመ ግንኙነት፣ ለተገልጋይ በሚሰጥ አክብሮት፣ በአገልግሎት አሰጣጥ፣ እንዲሁም በፖሊሲና በአሠራር ደንብ ተከፍለዋል። አርቲክ ከተባለው ሌላ መለኪያ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ አርቲክ የሚጠይቀው ሠራተኛው ስለ ጉዳዩ ያለውን አመለካከት ሲሆን፣ መልካም አመለካከት ያለው ሠራተኛ ደግሞ ያንኑ ቅጽ ሲያስሞላ ሊውል ይችላል።

ውጤቱን ማንበብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእኔ ግምት ከአማካዩ ይልቅ ልዩነቱ ይናገራል፦ ኃላፊዎቹ ከፍተኛ ነጥብ የሰጡትን ጉዳይ የመቀበያ ሠራተኞቹ ዝቅ ካደረጉት፣ መመሪያው ተጽፎ ከቢሮ አልወጣም ማለት ነው። ነጥቡ ለሽልማት ወይም ለቅጣት የሚውል ከሆነ ደግሞ ሰው የሆነውን ትቶ የሚፈለገውን ይሞላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን መጠይቁን የሚሞሉት ሠራተኞች መሆናቸው ነው፤ ያቺ ሴት በመቀበያው ፊት ቆማ ምን እንደተሰማት ለማወቅ እርሷኑ በሌላ መንገድ፣ ያውም ታሪኳን ዳግም ሳያስደግሙ፣ መጠየቅ ያስፈልጋል።